የኔታ በሸራ ጫማ

እስቲ አንድ ክፍል እናስብ። ዘመኑ 1955 ዓ.ም. ነው፣ መስከረም መጨረሻ። ከተማው ደብረ ማርቆስ ሊሆን ይችላል፣ ደሴ ወይም ጅማም ይሁን። አንድ የ22 ዓመት አሜሪካዊ የስም መዝገብ ይዞ ዘጠነኛ ክፍል ይገባል። ሃምሳ ተማሪ በአንዴ ብድግ ይላል። ሰውየው ይደነግጣል። እሱ ባደገበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ገባ ተብሎ የሚነሳ የለም። "ተቀመጡ" ማለት እንዳለበት አላወቀም። እሱም ቆሞ ያያቸዋል፣ እነሱም ቆመው ያዩታል።

በመጨረሻ ነገሩ የገባው የክፍል አለቃ ያስቀምጣቸዋል። ስም መጥራት ይጀመራል። ተስፋዬ ኃይሉ። አበበ ኃይሉ። ወንድማማች ናችሁ? አይደለንም። "ሚስተር ኃይሉ!" ብሎ ይጣራል። አቤት የሚል ይጠፋል። ኃይሉ እኮ አባትየው ነው፤ ይሄኔ እርሻው ላይ ነው ያለው። ለአሜሪካዊው ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ስም ነው። ለእኛ አባት ነው። ሰውየው ያን ቀን ጠዋት ሃምሳ ተማሪ ፊት ቆሞ ሃምሳ አባት ሲጠራ ነበር ማለት ነው።

ይህን ክፍል በምናቤ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጉዳዩ ግን የእውነት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሌላ አገር የሚልክበት፣ የሰላም ጓድ የሚባለው፣ ሰዉ ግን ሁልጊዜ "ፒስ ኮር" ብሎ የሚጠራው ድርጅት፣ የመጀመሪያው የአሜሪካ አስተማሪዎች ቡድን ኢትዮጵያ የገባበት ዘመን ነው። ወደ ሰው አገር ሄዶ እንግሊዝኛ ስለማስተማር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ኮሪያ፣ ጃፓንና ታይላንድ ናቸው። እኔ ይህን የመረጥኩት እንግዳ የተባለው ነገር ሁሉ የኛው ስለሆነ ነው። የሰው ድንጋጤ ውስጥ የራስን ቤት ማየት ይቻላል።

እንዴት መጡ?

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሰላም ጓድን ያቋቋሙት በየካቲት 1953 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ጋና ገቡ። የኢትዮጵያ ተራ የደረሰው በዓመቱ ነው። 280 ያህል ወጣቶች ክረምቱን ዋሽንግተን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሠለጠኑ። ጥቂት አማርኛ፣ ጥቂት ታሪክ፣ ጥቂት የማስተማር ዘዴ። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ላይ አዲስ አበባ ገቡ። መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። የኬኔዲ የሲቪል መብት አማካሪ የነበሩ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ የፔንሲልቬንያ ሴናተር የሆኑ ሰው ናቸው።

ከዚያ በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። ጎንደር፣ ሐረር፣ አስመራ፣ ደሴ፣ ጅማ። ወሊሶ የደረሰው ፖል ሶንጋስ በኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዴሞክራት ፓርቲን ወክሎ ለፕሬዚዳንትነት ለመቅረብም ተወዳድሯል። አብዛኞቹ ግን ከኮሌጅ በወጡ በወራቸው የመጡ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በፊት ክፍል ፊት ቆመው የማያውቁ ብዙ ነበሩባቸው። እንግሊዝኛ የደረሰው እንግሊዝኛ አስተማረ። ሂሳብ ወይም ታሪክ የደረሰውም ቢሆን የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በዚያ ቋንቋ ነበርና።

ከመምጣታቸው በፊት አንድ ነገር በደንብ ተነግሯቸዋል። ጥቅምት 1954 ላይ ናይጄሪያ ኢባዳን የሄደች አንዲት የፒስ ኮር ወጣት ስለ አገሩ ኑሮ ለጓደኛዋ ፖስት ካርድ ጻፈች። የመንገድ ዳር ኑሮውንና ድህነቱን ያየችውን ያህል ገለጸች። ካርዱ በናይጄሪያውያን ተማሪዎች እጅ ወደቀ። ተባዝቶ ተበተነ፣ ሰልፍ ተወጣበት፣ ልጅቷም ወደ አገሯ ተመለሰች። ስለዚህ እኛ ጋ የመጡት ስለ ድህነት ምን ማለት እንደሌለባቸው ያውቁ ነበር። ለቁንጫው፣ ለመብራቱ መጥፋት፣ ለሽንት ቤቱ ልባቸውን አዘጋጅተዋል። ያልተዘጋጁት ለሌላ ነገር ነው።

ትንንሾቹ ምልክቶች

"የባህል ድንጋጤ" የሚለውን አባባል ያስፋፋው ካሌርቮ ኦበርግ የሚባል አንትሮፖሎጂስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ባደረገው ንግግር ያስቀመጠው ሐሳብ እስካሁን ትክክል ይመስለኛል። ሰው በባዕድ አገር የሚጨነቀው የለመዳቸው ትንንሽ ምልክቶች ሲጠፉበት ነው ይላል። መቼ እጅ ይጨበጣል? ሠራተኛ እንዴት ይታዘዛል? ግብዣ መቼ እሺ ይባላል፣ መቼስ እንቢ?

የመጨረሻዋን እንያት። ተማሪ አስተማሪው ቤት ይመጣል። አስተማሪው ሻይ ያቀርብለታል። "አይ፣ ይቅርብኝ" ይላል ተማሪው። አስተማሪው ትሪውን መልሶ ይወስዳል። በሱ አገር አይ ማለት አይ ነው፣ ሰው አይገደድም። ተማሪው ቁርስ ሳይበላ አምስት ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጉዞ የመጣ ሊሆን ይችላል። "እንዴ፣ በሞቴ!" እስኪባል እየጠበቀ ነበር። ማንም በሞቴ አላለውም። ተማሪው ተርቦ፣ ምናልባትም ትንሽ ቅር ብሎት ይሄዳል። አስተማሪው ደግሞ የተማሪውን ፍላጎት እንዳከበረ እርግጠኛ ሆኖ ይተኛል። በሚቀጥለው ሳምንት አስተማሪው እሑድ ምሳ ይጠራል። ጠግቤያለሁ ይላል፣ የእውነቱን ነው። ጉርሻ ይመጣል። ሁለተኛው ይመጣል። ጉርሻ ሁለት ካልሆነ ያጣላል ይባላል። እንቢ ባለ ቁጥር ሞሰቡ ይበልጥ ወደሱ ይጠጋል።

ሰዓቱም አለ። "ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ" ሲባል ቀትር አልፎ ከተፍ የሚለው ፈረንጅ ወሬ የዚያን ዘመን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ቀኑ ሲነጋ የሚጀምር መሆኑ ግን ሲነገራቸው ቶሎ ይገባቸው ነበር። የከበደው ሰላምታው ነው። ደህና ነህ፣ እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ አሁንስ ደህና ነህ? ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ሰጥቶ ማለፍ የለመደ ሰው አራተኛው "ደህና ነህ" ላይ ምን እንደሚል ይጠፋዋል። ሌላ ደግሞ አለ፤ ሰዎች "አዎ" ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲስቡ ለአሜሪካኖቹ የደነገጡ ይመስሏቸው ነበር። ምን ክፉ ነገር ተናገርኩ ብለው ያቆማሉ።

አማርኛቸውም እንደዚያው ነው። ቀ እና ጠ አፋቸው አልገባም። ሽማግሌውን "አንተ"፣ ልጁን "እርስዎ" ማለት፣ ወንዱን "አንቺ" ማለት ነበር። ሰው ይስቃል፣ ይቅር ይላል። አንድ ነገር ግን ሳይነገራቸው የቀረ ይመስለኛል። ትልቅ ሰውን አንተ ሲሉ ሳቁ ውስጥ ትንሽ ቁስል ነበረች።

ብቻውን የበላ

ከሁሉ የከበደው ብቻ ለመሆን አለመቻል ነው። አሜሪካዊ ወጣት ሲደክመው በሩን ዘግቶ መጽሐፍ ይይዛል። እኛ ጋ በሩን የዘጋ ሰው ወይ ታሟል ወይ አዝኗል። ስለዚህ ጎረቤት ይመጣል። እንግዳው ብቻውን እራት እንዳይበላ ልጅ ይላክለታል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ተብሎ ያደገ ሰው ሌላ ምን ያድርግ? ፈረንጁ ይህን ደግነት እንደ ጥበቃ ይቆጥረዋል። መንገድ ላይ ሲወጣ ደግሞ "ፈረንጅ! ፈረንጅ!" የሚሉ ሕፃናት ይከተሉታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም የማያየው ቦታ የለውም። በደብዳቤና በማስታወሻ ላይ የሚያለቅሱት በዚህ ነው፣ በምግቡ አይደለም።

ሠራተኛና ዘበኛም ነበራቸው። ይህ ራሱን የቻለ ጭንቀት ነበር። ሰውን አገልጋይ አድርጎ መኖር ለእኩልነት መጣሁ ላለ ወጣት ነውር ነው። ያለ ሠራተኛ መኖር ደግሞ አይቻልም። ውኃ የሚቀዳ፣ እንጀራ የሚጋግር፣ ዶሮ የሚገነጥል ያስፈልጋል። ዶሮዋ የታረደችው በክርስቲያን ነው ወይስ በሙስሊም? ሠራተኛዋ ረቡዕ እና ዓርብ ወጡን ለምን አትቀምስም? ይህን ሁሉ ከወጥ ቤት ነው የሚማሩት። ብዙዎች በኋላ ሲያወሩት ትክክለኛ አስተማሪያቸው ወጥ ሠሪያቸው ነበረች ይላሉ። ያንን ስሰማ ደስ ይለኛል።

ቶሎ መፍትሔ የሚያገኙት ቤታቸው ተማሪ ያስጠጉት ናቸው። ከሩቅ ገጠር የመጣ ልጅ ከተማ ላይ ማደሪያ የለውም። ፒስ ኮር ቤት ያድራል፣ ይላላካል፣ የትምህርት ወጪውን ፈረንጁ ይሸፍናል። ይህ በየከተማው የተለመደ ነበር። ልጁ አገሩን ያስተረጉማል፣ ማታ አብሮ ያነባል። ለብቻ የመሆን ነገር ያበቃል፤ ግን ቢያንስ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው የታወቀ ሰው ነው።

የኔታ

አሁን ወደ ክፍሉ እንመለስ። የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ አስተማሪ ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ቄስ ትምህርት ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ፊደል የሚያስቆጥረው መምህር "የኔታ" ነው። የኔ ጌታ ማለት ነው። ፊቱ ዓይን አይነሳም። የሚለው ይደገማል፤ ተደግሞ ተደግሞ ዳዊት በቃል ይወርዳል። ቁርኣን የሚቀራው ልጅም እንደዚሁ ነው። ዕውቀት ማለት በልብ የተያዘ ነገር ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲመጣ ልብሱ ተለወጠ እንጂ አክብሮቱ አልተለወጠም። አስተማሪ ኮትና ክራባት ያደርጋል። ጫማው ይጠረጋል። የሚለውን ያውቃል።

እዚህ መሀል ሸራ ጫማ ያደረገ፣ ጢሙን ያልተላጨ፣ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን የሚያወዛውዝ ልጅ ገባ። "ስሜን ጥሩኝ" ይላል። ተማሪው ሊጠራው አይችልም፤ "ቲቸር" ይለዋል። ለተማሪው ይህ የአክብሮት ስም ነው። ለአሜሪካዊው ሰው ስሙ ተረስቶ በሥራው ሲጠራ የመገፋት ያህል ነው። ሁለቱም ሊቀራረቡ እየጣሩ ነው፣ ሁለቱም እየራቁ።

ከዚያ አስተማሪው ጥያቄ ይጠይቃል። አንድ አጭር ታሪክ ካነበቡ በኋላ "እናንተ ምን ታስባላችሁ?" ይላል። ዝምታ። ጥያቄው መልስ ያለው ሲሆን ጣት እያጮኹ "እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!" የሚሉት ልጆች ዝም ይላሉ። አስተማሪው ሰነፎች ናቸው ብሎ ያዝናል። ተማሪው ደግሞ "ይሄ ሰውዬ መልሱን አያውቀውም ማለት ነው" ብሎ ያስባል። አስተማሪ የማያውቀውን ይጠይቃል እንዴ? በመጨረሻ አንዱ ይነሳና "ቲቸር፣ ኖት ስጠን" ይላል። ፊታቸው ማትሪክ አለ። ማትሪክ ምን ታስባለህ ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ተማሪው ትክክል ነው። አስተማሪውም ትክክል ነው። ይህን ነገር ሳስብ ሁለቱም ያሳዝኑኛል።

ተማሪ ሲገሠጽ ዓይኑን ይሰብራል። አሜሪካዊው "እየኝ ስናገርህ!" ይላል። ማየት ድፍረት ነው፣ አለማየት ደግሞ ለሱ ውሸት ነው። ልጁ የቱን ያድርግ?

የፈተናው ነገር ግን ከሁሉ ይብሳል። ፈተና ላይ ተማሪዎች ሲረዳዱ አስተማሪው ደሙ ይፈላል። ለሱ መኮራረጅ ሌብነት ነው። ለተማሪው አብሮት አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ አንድ ድስት ሽሮ ተካፍሎ ለሚኖር ጓደኛው መልስ መከልከል ክህደት ነው። አስተማሪው ወረቀቱን ይቀድዳል፣ ዜሮ ይሰጣል። በማግስቱ ሽማግሌ ይላካል። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። "ልጁን ማሩት" ይላሉ። አስተማሪው ማርክ እንዴት ይማራል ብሎ ግራ ይገባዋል። እነሱ ስለ ማርክ አልመጡም። የተጣሉ ሁለት ሰዎችን ሊያስታርቁ ነው የመጡት።

እዚህ ላይ ዜሮውን የሰጠው አስተማሪ አልተሳሳተም እላለሁ። ሽማግሌዎቹን በር ላይ አቁሞ የመለሰ ካለ ግን እሱ ተሳስቷል። አስገብቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ዜሮውን ሳይነካ ልጁን በሌላ መንገድ ይቅር ማለት ይቻል ነበር። ያንን ያወቁ ነበሩ። እነሱ ናቸው በየከተማው እስካሁን ስማቸው የሚነሳ።

ማን ያዘጋጃቸው?

ስለ ፒስ ኮር ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የፈረንጁ ድንጋጤ ብቻ ነው የሚወራው። እኔ ግን ለተማሪው እከራከራለሁ። አስተማሪው ክረምቱን ሠልጥኗል። ለተማሪው የሚመጣው አስተማሪ ለምን ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ለምን ስሜን ጥሩኝ እንደሚል ማን ነገረው? ከሕንዳዊ አስተማሪው እንግሊዝኛ ለምዶ፣ ድንገት በአፍንጫው የሚናገር ሰው ሲመጣ ጆሮው ለወራት አልገባውም። ሴት አስተማሪ ሱሪ ለብሳ ስትታይ አገር ተነጋገረ። እሷም ሰው ለምን እንደሚያፈጥባት አልገባትም። አንድ የአቀባበል ቀን፣ ተማሪና አስተማሪ ተቀምጠው "በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው" የሚባባሉበት አንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ነገር ያቀል ነበር።

ድንጋጤው ደግሞ በፈረንጅ ብቻ አልቀረም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ ሲጀመር የአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየክፍለ አገሩ እንዲያስተምሩ ተላኩ። እነሱም ውኃው፣ ብቸኝነቱና የሰፈሩ ዓይን ከብዷቸዋል። የራሳቸው አገር ሆኖ ሳለ።

ቆይቶ ፖለቲካው መጣ። የቬትናም ጦርነት፣ አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካ የቃኘው ጦር ሰፈር፣ የተማሪው ንቅናቄ። በ1960 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪው ተቃወመ፣ ረብሻ ተነሳ። የባህል ጥያቄና የፖለቲካ ጥያቄ አንድ ላይ ተጣበቁ። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ የቆመው አሜሪካዊ ቲቸር ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የአገሩ መንግሥትም ተወካይ ሆኖ ታየ። ምን ታስባላችሁ እያለ ይለምናቸው የነበሩት ልጆች አሁን የሚያስቡትን ነገሩት። ድርጅቱ በ1969 ዓ.ም. ከአገር ወጣ፤ የተመለሰው ከደርግ በኋላ ነው።

ኅዳር 12

አንድ ቀን ግን ለብቻው መነገር አለበት። ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ዓርብ። ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዳላስ ውስጥ ኬኔዲ ተመቱ። ዜናው በሬዲዮ መጣ።

ወደ ምናባችን አስተማሪ እንመለስ። ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። አሁን "ተቀመጡ" ማለት ያውቃል። የቆዳ ጫማም ገዝቷል። ሌሊቱን በአጭር ሞገድ ሬዲዮው ሲያዳምጥ አደረ። ቅዳሜ ጠዋት በር ተንኳኳ። ብቻውን መሆን ፈልጎ ነበር። ከፈተ። ተማሪዎቹ ናቸው። ከኋላቸው ጎረቤቶቹ፣ ከነሱ ኋላ እነዚያ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

በዚያ ሰሞን በየከተማው የነበሩ ፒስ ኮሮች በኋላ ደጋግመው የሚያወሩት ይህንን ነው። ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አሜሪካዊ ሁሉ የሟች ዘመድ ሆኖ ተቆጠረ።

ሠራተኛዋ ሳትታዘዝ ወንበር ከጎረቤት አመጣች። ቡና ወጣ። ሰዎቹ ገብተው ተቀመጡ፣ ምንም አላሉም። አስተማሪው እንግዳ ማጫወት ያለበት መስሎት አንድ ሁለት ነገር ለማለት ሞከረ። ከዚያ ከፊት የተቀመጠው ተስፋዬ ቀስ ብሎ "ቲቸር፣ ምንም ማለት የለብህም" አለው። እሱም ዝም አለ። እስከ ቀትር ዝም ብለው አብረው ተቀመጡ። ሲነሱ አንዱ ሽማግሌ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው "እግዜር ያጽናህ" አሉት። ጆርጅታውን ላይ ይህን አላስተማሩትም። "አሜን" አለ፣ ዓይኑን ሰብሮ።